መርፌ አይወድም

ታላቅ እህቴ ከጅዳ ስትመለስ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ የበሰበሰ መንጋጋ ይዛ መጣች። ሻንጣውንና ብርድ ልብሱን ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ዳሰሰው። መንጋጋዋን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን ከቤት ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ አፏን ከፍታ በጣቷ አሳየችኝ፤ በግራ በኩል፣ ከታች፣ የመጨረሻዋ። መሃሏ ተቦርቡሮ ጠርዟ ብቻ ቀርቷል።

«ይሄን ይዘሽ ነው ስድስት ዓመት የኖርሽው?» አልኳት።

«አራቱን ነው» አለች። «እመቤቲቱን ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ስላት አንድ ፓናዶል ትሰጠኛለች። ሲብስብኝ ደግሜ ስጠይቃት ሁለት ትሰጠኛለች። ደግ ሴት ናት እኮ!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ደሜ ቶሎ የሚፈላ ሰው ነኝ፤ ያችን ሴትዮ ባገኛት ምን ምን እንደምላት እዚያው ተቀምጬ በሆዴ ደረደርኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሴትዮዋ ከእኔ የባሰ ምንም አላደረገችም።

እቴ ነበር የምላት። አባታችን የሞተው እኔ ገና አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እማዬ እርሻውን ለእኩል ሰጥታ፣ እኔን ከትምህርት አስወጥታ ከብት ላስጠብቅ ስትል «እኔ እያለሁ አይሆንም» ያለች እሷ ናት። ዓረብ አገር ሄዳ የሰው ቤት ስታጥብ እኔ ኮሌጅ ገባሁ፤ ከኮሌጅ ስወጣ በገዛ ቀበሌያችን ትምህርት ቤት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂ እንዳስተምር ተመደብኩ። መንደራችን ከመካነ ሰላም በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ናት፣ ዳገትና ቁልቁለት። በዚያ ሁሉ አገር ነጭ ጋውን ለብሶ ስለ ባክቴሪያ የሚያወራ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዴት እንደምኩራራ ብታዩ! እማዬ እንኳ ደብዳቤ ሲመጣ «መምህሩ ያንብበው» ነበር የምትለው፤ ልጄ አትለኝም።

ጥርሷን እንድታስነቅል ነግሬያታለሁ። ሐሰት አልናገርም፤ ሁለት ጊዜ ነግሬያታለሁ። «ከአጨዳ በኋላ፣ ኢንሻ አላህ» አለችኝ። ቤቱን በቆርቆሮ ልታስከድን ደፋ ቀና ትል ስለነበር ለጥርስ ጊዜ አልነበራትም። ሲያማት ቅርንፉድ ትነክሳለች፤ ሻል ሲላት ትረሳዋለች። እኔም አብሬያት ረሳሁት።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ጉንጯ አብጦ ተነሳች። እማዬ ገና ስታያት «ምች ነው» አለች። «ላብሽ ሳይደርቅ ወጥተሽ ምች መታሽ።» ዳማከሴ ቀጥፋ አሽታ ጨመቀችላት፣ በአፍንጫዋም በአፏም አስገባችላት፣ የቀረውን ፊቷ ላይ ቀባችው። ቤቱ በሙሉ ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተተ። በሁለተኛው ቀን እብጠቱ ወደ አገጯ ወረደ። በሦስተኛው ቀን አፏ ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ሆነ፤ ሰውነቷም ይቃጠል ጀመር።

በዚያ ሳምንት ለሰባተኛ ክፍል የማስተምረው ምዕራፍ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ነበር። ወላሂ ነው የምላችሁ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ክብ ክብ አድርጌ ባክቴሪያ ስዬ፣ «ቁስል ሲመረቅዝ ምን ይደረጋል?» ብዬ ጠይቄ፣ አንዲት ተማሪ «ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት መጀመር» ብላ መልሳ፣ ጎበዝ ብዬ አስጨብጭቤላታለሁ። ከዚያ ወደ ቤት ገብቼ እህቴን እንደዚያ ሆና አገኘኋት።

«ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ» አልኩ።

እማዬ አልተቃወመችም። ሻሿን አጥብቃ አስራ በቅሎዋን ራሷ ጫነችልኝ። እቴን ደግፈን ካወጣናት በኋላ ግን እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«ክኒን ይስጧት፣ የሚቀባ ይስጧት። መርፌ ግን እንዳታስወጋት።»

«እማዬ...»

«ፊት ላይ የወጣ እብጠት መርፌ አይወድም። አንተ ልጅ ነህ፣ አታውቅም። መርፌ ሲነካው ወደ ውስጥ ነው የሚገባ፤ ልብ ነው የሚይዝ። ስንቱን ሸኘሁ በዚህ። ወላሂ በል።»

ይሄ የእማዬ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም የሚለው ነው፤ ሽማግሌውም ቄሱም ቃሊቻውም። መርፌ የሚወድ በሽታ አለ፣ የማይወድ በሽታ አለ። ወባ ይወዳል፣ ሳምባ ይወዳል። የፊት እብጠት አይወድም። ማን እንዳለው፣ መቼ እንደተባለ የሚያውቅ የለም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ኮሌጅ ገብቼ ስወጣ ሌላው ብዙ ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቷል፣ ይህቺ ግን አንድ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

«ወላሂ በል» አለች ደግማ። «ብታስወጋት የጠባኸው ጡቴ ይፋረድህ።»

«ወላሂ» አልኩ።

ጤና ጣቢያው ከእኛ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። እቴ በቅሎዋ ላይ ሆና ኮርቻውን በሁለት እጇ ይዛ መንገዱን ብቻ ታያለች። ስንደርስ ሰልፍ አልነበረም። ነርሱ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ከወገልጤና አካባቢ የመጣ፤ ከእኔ ጋር በወረዳ ስብሰባ እንተዋወቃለን። ባትሪ አብርቶ በጠባቡ አፏ አየ፣ አገጯን ከስር በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«ከጥርስ የተነሳ ኢንፌክሽን ነው። ከመንጋጋዋ ስር እየገባ ነው። አሁኑኑ በመርፌ አንቲባዮቲክ እጀምርላታለሁ፣ ከዚያ ሪፈር ጽፌ ወደ ከተማ እልካችኋለሁ። ጥርሱ መነቀል አለበት፣ መግሉም መፍሰስ አለበት።»

«በክኒን አይሆንም?» አልኩት።

«መዋጥ እየከበዳት እኮ ነው፣ መምህር።»

«ይሁን፣ በክኒን ጀምርላት። መርፌ አንፈልግም።»

ነርሱ ጋቢውን ከትከሻው ላይ አንስቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። «ምነው?»

እና እኔ፣ ነጭ ጋውን ለባሹ፣ የባዮሎጂ መምህሩ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ «የፊት እብጠት መርፌ አይወድም ይባላል» አልኩት። ይባላል አልኩ፤ እኔ እላለሁ ለማለት ፈርቼ።

«መምህር፣ አንተ እንዲህ ካልክ ገበሬው ምን ሊለኝ ነው?»

ያኔ ነው የተቆጣሁት። ትክክል ስለተናገረኝ ነዋ! ሰው ሐቁን ፊት ለፊት ሲነግረኝ የሚመጣብኝ ቁጣ ከሁሉ የከፋው ነው። «የማደርገውን አውቃለሁ፣ አታስተምረኝ» አልኩት። «የቤተሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አልፈቀድኩም፣ አለቀ።»

እቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። እጄን ጎተተችኝ። አፏ ስለማይከፈት ቃሉ እየተኮላተፈ ነው የወጣው፤ ግን ሰምቼዋለሁ። «ይውጋኝ» አለች።

«እማዬ ምን ትላለች?» አልኳት።

«ይውጋኝ። አሞኛል።»

«ወላሂ ብያለሁ፣ እቴ። ክኒኑን ሁለት ቀን እንየው፤ ካልተሻለሽ እኔ ራሴ ይዤሽ እመጣለሁ። አብሽሪ።»

እጇን ከእጄ ላይ አነሳች። በጅዳ አራት ዓመት ውሰዱኝ ስትል የማይሰሟት ሰዎች ቤት ኖራ መጥታ፣ በገዛ አገሯ፣ በገዛ ወንድሟ ፊት አንድ ጊዜ ብትለምን ያገኘችው መልስ ይህ ነው። ነርሱ ካርዷ ላይ «መርፌ አልፈለጉም» ብሎ ጽፎ አስፈረመኝ፤ ሪፈሩንም ክኒኑንም ሰጠኝ። «ሪፈሩን ዛሬውኑ ብትሄዱበት» አለ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ግን አልለመነኝም። ሪፈሩን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በቅሎዋን ፈትቼ ወደ ቤት ተመለስን።

ክኒኑን በማንኪያ ፈጭተን በውሃ ሰጠናት። የመጀመሪያው ቀን ትኩሳቷ ጋብ ያለ መስሎን እማዬ «አየህ?» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እቴ ደጃፉ ላይ ወደ ፊት ደፋ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እብጠቱ አንገቷን ዞሮ በቀኝ በኩልም ወጥቷል። ምላሷ ወደ ላይ ተገፍቶ ከጥርሶቿ መሃል ይታያል። ምራቋን መዋጥ አቅቷት በጨርቅ ትጠርጋለች። ስትተነፍስ ከሩቅ ይሰማል።

እማዬ ጮኸች። የቅሬው ሰዎች ተሰበሰቡ። ቅሬ ማለት በእኛ ዘንድ ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲታመም የሚሸከመው የሰፈሩ ማኅበር ነው፤ ቃሬዛ ይዘው ለመድረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ዐሥራ ስድስት ወንድ። አንስተው ቃሬዛው ላይ አስተኟት።

ወዲያው ትንፋሿ ተቋረጠ። ፊቷ ጠቆረ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ በእጇ አየሩን ቧጠጠች። «አንሷት! አንሷት!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ስናደርጋት እያጓራች ሳበችው። አንድ ሽማግሌ «ተኝታ ካልሆነች እንዴት እንሸከማታለን? ቃሬዛ የተቀመጠ ሰው አይሸከምም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አገሩ ቁልቁለት ነው፣ በቅሎም ላይ ራሷን ችላ አትቀመጥም። ያኔ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ። የአስተማሪዎች ክፍል ቁልፍ በእጄ ነበር። ክንድ ማሳረፊያ ያለውን የርዕሰ መምህሩን ወንበር ተሸክሜ መጣሁ፤ በገመድ ከሁለቱ እንጨቶች ጋር አሰሩት፣ እሷን ከወንበሩ ጋር በነጠላ አሰርናት፤ እኔ ከጎኗ ሆኜ ግንባሯን ያዝኩ። እንዲህ አድርገን ወጣን።

እማዬ እስከ ወንዙ ሸኘችን። «አደራህን» አለችኝ፤ ምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ እኔ ግን አውቄዋለሁ።

በዝግታ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘን መካነ ሰላም የደረስነው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። ሰዎቹ ተራ እየተለዋወጡ አንድም ጊዜ መሬት አላስነኳትም። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በኋላ እንደሰማሁት ቀዶ ሕክምና የተማረ የጤና መኮንን ነው እንጂ ዶክተር አይደለም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዶክተር ብዬ ነው የምጠራው። ወንበሩ ከቃሬዛው ሳይፈታ ነበር ያያት። ከኪሴ ሪፈሩን አውጥቼ ሰጠሁት። ቀኑን አነበበ፣ «መርፌ አልፈለጉም» የሚለውን አነበበ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ደሴ ልልካት አልችልም» አለ። «መንገድ ላይ ጉሮሮዋ ይዘጋል። ማደንዘዣ ሰጥቼም አላስተኛትም፤ ከተኛች ቱቦ የማስገባበት ቀዳዳ የለም። ተቀምጣ፣ ነቅታ ነው የምከፍታት። ዙሪያውን በመርፌ አደነዝዛለሁ፤ መግል ባለበት ግን ማደንዘዣው በደንብ አይሠራም። ሕመሙን ትሰማዋለች። ፈርም።»

ፈረምኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛ ፊርማዬ ነበር።

ነርሷ ሁለቱንም ክንዷን ወጋች። አንደኛው ደም ሥር እምቢ ብሎ ሌላ ፈለገች፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ግሉኮስ ተንጠለጠለ፣ አንቲባዮቲኩ ገባ። ሐኪሙ «ጭንቅላቷን የሚይዝ ሰው ይቸግረኛል፣ ትችላለህ?» አለኝ። እችላለሁ አልኩ። ከኋላዋ ቆሜ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስደግፌ በሁለት መዳፌ ያዝኩ። ፀጉሯ ላይ አሁንም ዳማከሴ ይሸታል።

ቢላዋው ከአገጯ ስር በግራ በኩል ገባ። እቴ አልጮኸችም፤ የምትጮህበት ጉሮሮ የላትም። ጭንቅላቷ ብቻ ከመዳፌ ውስጥ ሊወጣ ታገለኝ። መጀመሪያ የወጣው ጥቂት ደም ነው። ከዚያ ሐኪሙ መቀስ የመሰለውን ብረት በቁስሉ አስገብቶ ከፈተው፤ መግሉ ወረደ። ሽታው! ያ ሽታ ምን እንደሆነ አልናገርም። ነርሷ ፊቷን አዞረች። በቀኝ በኩል ሁለተኛ ቀደደ፣ በመሃል ሦስተኛ። ከአንዱ ወደ አንዱ ብረቱን እያሻገረ ጎማ አስገባባቸው፤ ቁስሉ ተዘግቶ መግሉ ተመልሶ እንዳይጠራቀም ነው አለ። ከዚያ አፏን በብረት እየገፋ አስከፈተው፣ በጠባቡ ገብቶ ያችን መንጋጋ ያዛት። ጠርዟ በእጁ ላይ ተሰበረ። ሥሮቿን አንድ በአንድ እየፈለቀቀ አወጣቸው። ሁለት ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ጥቁር ከረጢት ተንጠልጥሏል። አራት ዓመት ፓናዶል ስትውጥላት የኖረችው ለዚህች ነው።

እና ተነፈሰች። ረጅም ትንፋሽ፣ ጥርት ያለ። ወደ ላይ ዓይኗን አዙራ አየችኝ። አለቀስኩ፤ ምን አባቴን ልደብቅ፣ በሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግሥቱ ውሃ በጡጦ ወሰደች። እብጠቱ ትንሽ ረገበ። የቅሬው ሰዎች «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ አገር ተመለሱ፤ ለእማዬም ተርፋለች አሏት። ከሰዓት በኋላ እኔና እቴ ብቻችንን ነበርን። ይቅር በይኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እጇን አንስታ በጣቷ ከንፈሬን ነካች፤ ዝም በል ማለቷ ነው። ይቅር ብላኝ ይሁን ወይ ደክሟት፣ እስከዛሬ አላውቅም። አልጠየቅኳትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደረቴን አለች። ትኩሳቱ ተመለሰ። ሐኪሙ እየሮጠ መጥቶ አዳመጣት፣ ወደ ኮሪደር ወስዶኝ «ወደ ደረቷ ወርዷል» አለኝ። «ያን ቀን ጤና ጣቢያው ላይ ቢጀመርላት ኖሮ...» ብሎ አቋረጠው። ፊቴን ሲያይ ነው ያቋረጠው። እስከ ቀትር ታገለላት። ቀትር ላይ አረፈች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

የቅሬው ሰዎች ተጠርተው መጡና ጀናዛዋን ይዘን መንደራችን ገባን። ያጠቧት ሴቶች ናቸው እንግዲህ ለእማዬ የነገሯት። አንገቷ ሦስት ቦታ ተተርትሯል፤ ክንዷ በመርፌ ተበሳስቶ ጠቁሯል። እማዬ ከለቀስተኛው መሃል ተነስታ ወደ እኔ መጣች። አላለቀሰችም።

«አስወግተሃታል።»

ሁሉም እኔን ያየኛል።

እውነቱ በአፌ ላይ ነበር። ቃሌን ጠብቄልሽ ነው የሞተችው፤ በመጀመሪያው ቀን ወግተዋት ቢሆን ዛሬ ቆርቆሮ ታስመታ ነበር። ይህን ብላት እማዬ እዚያው ትሞታለች። በዚያ ላይ ሐሰትም አልነበረም፤ ተወግታለች። «አዎ» አልኩ።

«ወላሂ ብለኸኝ ነበር። አላህ ይይልህ» አለችኝና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ለእኔ ምግብ በእጇ አላቀረበችም። አብረን አንድ ጣሪያ ስር እየኖርን ሰላምታዬን እንኳ ግድግዳውን እያየች ነው የምትመልሰው። ቻልኩት። የሚገባኝ ነው ብዬ፣ ደግሞም ሸክሙን ከእሷ ላይ ያነሳሁላት እየመሰለኝ ቻልኩት። ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር! መንደሩ ግን የራሱን ትምህርት ወሰደ። በወንበር ተቀምጣ ሄደች፣ ተወግታ ሞተች፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? በአንድ ለአምስቱ ስብሰባ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ስለ ሕክምና ስታስረዳ አንዲት ሴት «የመምህሩን እህት ምን አደረጋችኋት?» ብላ አፏን አስያዘቻት። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ መሬት መሬት አየሁ።

በዓመቱ፣ ጤፍ ሲታጨድ፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖር ጎረቤታችን ወደ ቤታችን መጣ። ወጣት ነው፤ ሁለት ልጅ አለው። ደጃፉ ላይ ቆመ፣ አልገባም አለ።

«ሚስቴን ጥርሷን አሟት ጉንጯ አብጧል» አለ ለእማዬ። «ጤና ጣቢያ ልውሰዳት ብዬ... እርስዎ ያውቃሉና ምን ይሉኛል?»

«ክኒን ተቀበል» አለች እማዬ። «መርፌ ግን እንዳታስነካት። መርፌ አይወድም። የኔን ልጅ አላየህም? ከዚህ ስትወጣ ነፍስ ነበራት።» ከዚያ በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሱን ጠይቀው። እሱ ነው ያስወጋት።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው፣ መምህር?»

የተማሪ ደብተር እያረምኩ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። እማዬን ሳይሆን እሱን እያየሁ ነው የተናገርኩት፤ እሷን ባይ ኖሮ ባልቻልኩ።

«አይደለም። ጤና ጣቢያው ሊወጋት ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። እሷ ይውጋኝ እያለች ከለከልኳት። መርፌ የተወጋችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ጉሮሮዋ ከተዘጋ በኋላ። የገደላት መርፌ አይደለም። ሚስትህን ዛሬውኑ ይዘሃት ሂድ፣ መርፌ ሲሏት ክንዷን ራስህ ዘርጋላት። ስማኝ፣ በቅሎዋ ውጪ ናት፣ ውሰዳት።»

ሰውየው አንዴ እማዬን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ በቅሎዋን ፈትቶ ሄደ። ሴትዮዋ ተወጋች፤ ጥርሷም ተነቀለ። ሳምንት ሳይሞላ ገበያ ላይ አየኋት፣ በርበሬ ስትሸጥ።

እሱ ከወጣ በኋላ ግን እኔና እማዬ ቀረን። ከመደቡ ላይ አልተነሳችም። ሻሿን ፈታችው፣ መልሳ አሰረችው፣ ደግሞ ፈታችው። ፀጉሯ በዚያ ዓመት ምን ያህል እንደነጣ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

«ማን ነው ከልክል ያለህ?» አለችኝ በመጨረሻ። የምታውቀውን ነው የጠየቀችኝ።

«አንቺ» አልኳት። «አስምለሽኝ ነበር።»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ደረቷን ትደቃለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ሻሿን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ቀጥ ብላ አየችኝ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ» አለች። «ከዚህ አገር ወጥቼ አላውቅ። የሰማሁትን ነው የነገርኩህ። አንተ ተምረሃል፤ ደግሞም ይውጋኝ እያለችህ ነበር ትላለህ።» ድምጿ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ታዲያ እሷን ትተህ ለምን እኔን ሰማኸኝ?»